የሰናፍጭ ልጅ

«እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል።» ስልኩ የተጀመረው በዚህ ነው። የደወሉልኝ ከከተማ ዳር ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ቡናማ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚያረቡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ የዓሣ ዱቄት እቤቴ ገብቶ አያውቅም፤ ታዲያ ይሄ ሽታ ከየት መጣ?» አሉኝ። ሁሉም እንቁላል አይሸትም፤ ከአሥሩ ሁለቱ ወይ ሦስቱ ነው። ሽታውም የሚታወቀው እንቁላሉ መጥበሻ ላይ ሲሰበር ነው።

መኖ ቀይረው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ስለተወደደባቸው ከሁለት ሳምንት በፊት በጎመንዘር ፋጉሎ ተክተውታል። «ልጅቷ ኢንተርኔት ላይ አንብባ ነው። ፈረንጆቹ ሬፕሲድ ይሉታል፤ ለዶሮ በጣም ጥሩ ነው ተብሎ ተጽፏል።»

ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ተጽፏል። የተጻፈው ግን ስለ ሌላ ተክል ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ሲከነክነኝ የሰነበተው ይሄ ነው። ችግሩ ከዶሮዎቹ አይደለም፣ ከፋጉሎውም አይደለም። አንድ ቃል ተተርጉሞ ሲመጣ ሌላ ተክል ይዞ ገባ።

አንድ ስም፣ ሁለት ተክል

የእኛ የግብርና ስታቲስቲክስ በእንግሊዝኛ ሲታተም ጎመንዘርን «ሬፕሲድ» ብሎ ነው የሚመዘግበው። በዓለም ገበያ ሬፕሲድ የሚባለው ግን በአብዛኛው ካናዳና አውሮፓ የሚዘራው ብራሲካ ናፑስ ነው። ጎመንዘር ብራሲካ ካሪናታ ነው፤ መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዝምድናቸው ግን ግማሽ ነው።

ይህን ያስረዳው ናጋሃሩ ዩ የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ነው። የጎመን ወገን የሆኑትን ስድስት ዝርያዎች በሦስት ማዕዘን አስቀመጣቸው። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ጥንታውያኑ ወላጆች አሉ፦ ሰናፍጭ (8 ክሮሞሶም)፣ ጥቅል ጎመንና ዘመዶቹ (9 ክሮሞሶም)፣ እና የፈረንጅ ቀይ ሥር መሳዩ ተርኒፕ (10 ክሮሞሶም)። በሦስቱ ጎኖች መካከል ደግሞ ልጆቻቸው አሉ። የፈረንጆቹ ሬፕሲድ የጥቅል ጎመንና የተርኒፕ ልጅ ነው፤ 9 እና 10 ተደምረው 19። ጎመንዘር የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ልጅ ነው፤ 8 እና 9 ተደምረው 17። ኋላ የመጡ ጥናቶች እንዳሳዩት በዚህ ጋብቻ እናትየዋ ሰናፍጭ ናት።

በቅጠሉ ጎመን መስሎ ያድጋል፤ በፍሬው እናቱን ይመስላል። ለዶሮዎቹ ከሚያመጣው ጣጣም አንዱ ከእናት ወገኑ ነው።

የፈረንጆቹ ሬፕሲድም ዱሮ እንዲህ ነበር። ዘይቱ ኤሩሲክ በሚባል አሲድ የተሞላ፣ ፋጉሎው የሚያቃጥል። ካናዳዊው አዳቃይ ባልዱር ስቴፋንሰን በ1974 ታወር የተባለውን ዝርያ ሲያወጣ ሁለቱም ተቀነሱለት። ካኖላ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ አንድ ዘር ካኖላ ለመባል በዘይቱ ውስጥ ያለው ኤሩሲክ አሲድ ከ2 በመቶ በታች፣ በፋጉሎው ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር (ግሉኮሲኖሌት) በግራም ከ30 ማይክሮሞል በታች መሆን አለበት። የተለመደው ጎመንዘር ኤሩሲኩ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ ግሉኮሲኖሌቱም በግራም ከ100 ማይክሮሞል የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ሬፕሲድ ለዶሮ ጥሩ ነው» ያለው ሰው በአእምሮው የያዘው የመጀመሪያውን ነው። እኚህ እናት ከዘይት ቤት የገዙት ሁለተኛውን።

ሁለቱ ስኒዎች

በስልክ ይህን ሁሉ ቁጥር መደርደር ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ሁለት ስኒ እንዲያመጡ ጠየቅኋቸው። ይህችን ሙከራ ማንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሊሠራት ይችላል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ጎመንዘር ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ጥሬውን ይወቀጣል። ሌላው ግማሽ ምጣድ ላይ መንጣጣት እስኪጀምርና ቀለሙ እስኪጠቁር ይታመስና ከቀዘቀዘ በኋላ ይወቀጣል። ሁለቱም በየስኒያቸው ሆነው ለብ ያለ ውኃ ይጨመርባቸዋል፤ የፈላ ውኃ አይሆንም። ይታሹና ይከደናሉ። አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ተከፍቶ ይሸተታል።

ስልኩን ሳይዘጉ ነው የሠሩት። መጀመሪያ የታመሰውን አሸተቱ፤ «ደህና ነው፤ የተቆላ እህል ይሸታል» አሉ። ቀጥለው ጥሬውን ከፈቱ። ትንሽ ዝም አሉ፤ አነጠሳቸው። «ውይ! ይሄማ ሰናፍጭ ነው!»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። በደረቁ ዘር ውስጥ የሚያቃጥል ነገር የለም። ሲኒግሪን የሚባል ሽታ አልባ ንጥረ ነገር በአንድ ክፍል፣ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም በሌላ ክፍል ተለያይተው ተቀምጠዋል። ዘሩ ሲሰበርና እርጥበት ሲያገኝ ይገናኛሉ፤ ኢንዛይሙ ሲኒግሪንን ይሰብረዋል፤ አፍንጫ የሚወጋው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ዘይት የሚወለደው ያኔ ነው። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለሚያኝከው ነፍሳት ነው። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ስለዚህ የታመሰው ስኒ ዝም ይላል። ሰናፍጭም በፈላ ውኃ ሲበጠበጥ የማያቃጥለው፣ በቀዝቃዛ ሲሆን የሚያስነጥሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

እናቶቻችን ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነውን ጎመንዘር አምሰው የሚፈጩት ያለ ነገር አይደለም። ጥሬው በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ጭሱ ወጥ ቤት አያስቀምጥም። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ ግን ሥራውን የሚሠራው የሚያስነጥሰው ሳይሆን የዘሩ ቅባት ዘይት ነው። ምጣዱ ቀስ እያለ ይግላል፤ የተፈጨው ጎመንዘር ይነሰነስበትና በጨርቅ ይታሻል፤ ሲደርቅ ይደገማል፤ ጥቁርና ለስላሳ እስኪሆን ይሰለሳል። በዘይቱ ውስጥ ያሉት ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ የሚባሉ ቅባቶች በሙቀት እርስ በርስ ተያይዘው ይጠነክራሉ፤ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። እሳቱ ከበዛ ግን ቅባቱ ሳይያያዝ ይቃጠልና ተላልጦ እንጀራው ላይ ይወጣል። ምጣድ የሚያሟሽ ሰው ዋናው ስህተቱ ዘይት ማሳነሱ ሳይሆን መቸኮሉ ነው።

ኤሩሲክ አሲድ ለሚያስፈራው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ስጋቱ የመጣው ዘይቱን በብዛት በበሉ አይጦች ልብ ላይ በታየ ለውጥ ነው፤ በዚያ የተነሣ ብዙ አገሮች ለምግብ ዘይት ገደብ አበጁ። ከምጣድ ላይ እንጀራ ይዞት የሚወጣው ቅባት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቅጠሉንም የሚመለከት ነገር የለም፤ ጎመን በጤና። በየቀኑ የሚጠበስበት ዘይት ከተለመደው ጎመንዘር ይጨመቅ ቢባል ግን እኔ አልስማማም።

የሚገርመው ወጥ ቤት እንከን ያልነው ኤሩሲክ ለፋብሪካ ወርቅ መሆኑ ነው። የፌስታል ንጣፎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚጨመረው ማለስለሻ ከእሱ ይሠራል። ከዚህ ከደጋችን የሄደው ዘርም አውሮፕላን አብርሯል፦ በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ፋልከን 20 አውሮፕላን መቶ በመቶ ከካሪናታ በተሠራ ነዳጅ በረረ፤ በጥር 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ ከነዳጁ 10 በመቶው ከዚሁ ዘይት የተሠራ ነበር። እኛ ምጣድ እናስስበታለን።

ከማሳ እስከ አውድማ

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ የፈረንጅ ሬፕሲድ መመሪያ በቃሉ ተተርጉሞ ማሳ ላይ ሲወርድም እንደዚሁ ያሳስታል። በአውሮፓ ብዙው ከብርዱ ወራት በፊት ተዘርቶ ብርዱን ማሳ ላይ ያሳልፋል። ጎመንዘር በሰኔ፣ ዝናቡ ሲደላደል ይዘራል፤ በመስከረም ቢጫ ያብባል፤ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ይታጨዳል። የሚወደው ደጋና ወይና ደጋ ነው። የቤት ጓሮ፣ ፍግ የጠገበ መሬት ይስማማዋል። ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ሥሩ ይታፈንና ቅጠሉ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ እዚያ መዝራት ግድ ከሆነ መደብ ማውጣት ነው።

ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ እንደ ጤፍ መሬት መልመል አለበት። ጓል ሥር የወደቀ ዘር ወይ አይበቅልም ወይ በቅሎ ቀጥኖ ይሞታል። ጥልቀቱ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ይበቃል። የዘር መጠኑ በሄክታር 10 ኪሎ ነው፤ ይህ በጥማድ 2.5 ኪሎ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ደግሞ አንድ ግራም ማለት ነው። አንድ ግራም በሁለት ጣት ቆንጠር የሚደረግ ይመስላል፤ ግን ወደ 280 ዘር አለው። ስለዚህ በእጅ የሚበትን ሰው ዘሩን በሦስት በአራት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ካልቀላቀለው አንዱ ጋ እንደ ምንጣፍ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይራቆታል። በመስመር ሲሆን በመስመሮቹ መካከል 30 ሳንቲሜትር ይተዋል።

ከ280ው እስከ ፍሬ የሚደርሰው በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 70 ነው። የቀረው የት ይሄዳል? ድስት ውስጥ። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲያህል በመስመሩ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር እየተተወ ይሳሳል፤ የተነቀለው ይቀቀላል። ጎተራ ባዶ የሆነበትን ነሐሴ ያሻገረው ይሄ ጎመን ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም በዚያው ወር ማግስት ነው። የሚሳሳውን በጊዜው ያልነቀለ ገበሬ ግን ሁለቱንም ያጣል፤ ተጨናንቆ የቆመ ጎመንዘር ቁመቱ ይረዝማል፣ አገዳው ይቀጥናል፣ በነፋስ ይተኛል።

ለማዳበሪያው በጥናት ሲመከር የቆየው በሄክታር 46 ኪሎ ናይትሮጅንና 69 ኪሎ ፎስፌት ነው። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ በነበረበት ጊዜ ይህ 150 ኪሎ ዳፕና 41 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ነበር። ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ድኝ በያዘው ማዳበሪያ በኤንፒኤስ ሲሰላ 182 ኪሎ ኤንፒኤስና 25 ኪሎ ዩሪያ ይሆናል። ለዚህ ሰብል እኔ ኤንፒኤሱን እመርጣለሁ፤ በውስጡ 7 በመቶ ድኝ አለ። ያ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር የሚሠራው ከድኝ ነውና ጎመንዘር ድኝ ይፈጃል። ሲያጥረው ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ እንደ ጭልፋ ይጎብጣል፣ አበባውም ይገረጣል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ዩሪያ ይጨምርበታል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ የድኙ እጥረት ይብሳል። ዩሪያው ራሱ አገዳው መምዘዝ ሲጀምር፣ ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከአረም በኋላ ይጨመር።

ጠላቱ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ሲወጣ፣ አመድ የነሰነሱበት መስሎ አበባው ጫፍ ላይ ይሰፍራል። በመጀመሪያ የሚታየው የማሳው ዳር ላይ፣ በአንድ ሁለት ተክል ነው፤ ያኔ ጫፉን ቆርጦ መቅበር ይበቃል። ሳምንት ከቆየ ማሳውን ያዳርሳል። መርጨት ግድ ካለ ንብ ከቀፎ በማይወጣበት በምሽት ይሁን፤ ጎመንዘር ራሱን ቢያዳቅልም ንብ የጎበኘው ማሳ ፍሬው ይሞላል። ሌላው አደጋ ከጎረቤት ይመጣል። ስንዴ ላይ ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድለው ቱ ፎር ዲ ሲረጭ ነፋስ ወደ ጎመንዘር ከነፈሰ አገዳው ተጠማዝዞ ይቀራል።

ከስንዴ ጋር ያለው ጉርብትና ግን ጥቅሙ ያይላል። በአርሲና በባሌ ስንዴ በስንዴ ላይ የሚዘራበት መሬት ሲናርና ሙጃ ይወርሰዋል፣ የሥር በሽታም ይጠራቀምበታል። በመካከል አንድ ዓመት ጎመንዘር ሲገባ ሣር ብቻ የሚገድል መድኃኒት መርጨት ይቻላል፤ የስንዴው የሥር በሽታም የሚያርፍበት ያጣል። ጎመንዘሩ የቆመበት መሬት ላይ በዓመቱ የተዘራ ስንዴ ሲያምር ያየ ሰው ምክንያቱ ይሄ ነው።

አጨዳው ላይ ፍሬ እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ያሻል። ከሥር ያሉት ቆባዎች ቢጫ ሆነው የላይኞቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ፣ የመካከለኛው ቆባ ተከፍቶ ዘሩ ቀለሙን ከቀየረ ይታጨዳል። ሁሉም እስኪደርቅ የጠበቀ ፍሬ ሊያጎድል ይችላል። የሚታጨደው በማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ ነው፤ ፀሐይ ከከረረ በኋላ በጣም የደረቀ ቆባ ማጭድ ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። ነዶው በሸራ ላይ ሳምንት ይክረምና በዱላ ይወቃል። ጆንያው ደግሞ ይፈተሽ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዘር በተበሳ ማዳበሪያ ከረጢት ሲያንጠባጥብ መንገዱን ሙሉ ይዘራል። እርጥበቱ ከ9 በመቶ በላይ ሆኖ የተከማቸ ዘር ይግማል፤ ቤት ውስጥ ለመለየት ዘሩን በጥፍር መጫን ነው፤ የደረቀው ይሰበራል፣ ያልደረቀው ይለጠጣል። ደህና ተይዞ በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ይሰጣል።

ለዘር የሚቀመጠው ከማሳው መካከል ካሉ ጤነኛ ተክሎች ይለቀም። ከአበባዎቹ ሲሶ ያህሉ ከሌላ ተክል ጋር ስለሚዳቀሉ ዳር ያለው የጎረቤትን ይወርሳል። የሎ ዶዶላ የተባለውን ዝርያ የመሰለ ቢጫ ዘር የያዘ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ የቢጫው ልባስ ስስ ነው፣ ዘይቱም ይበልጣል፤ ከቡናማ ጋር ከተቀላቀለ ግን በጥቂት ዓመት ድብልቅ ይሆናል።

ከረጢቱ ውስጥ የቀረው

ወደ ዶሮዎቹ ልመለስ። የዓሣውን ሽታ የሚያመጣው ሰናፍጩ ብቻ አይደለም። በጎመንዘር ፋጉሎ ውስጥ ሲናፒን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር አለ፤ በዶሮዋ አንጀት ሲፈርስ የበሰበሰ ዓሣ የሚሸት ጋዝ ይወጣዋል። ጤነኛ ጉበት ይህን ያጣራዋል። ቡናማ እንቁላል ከሚጥሉት አንዳንዶቹ ግን በዘር ይህን ማጣራት አይችሉም፤ ወደ አስኳሉ ያልፋል። ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ ብቻ የሸተቱት ለዚህ ነው። ሲኒግሪኑ በበኩሉ የእንቅርት ዕጢን ይጎዳል፤ ዶሮዋ ትንሽ ትበላለች፣ ትንሽ ትጥላለች። ትንሽ ዘይት ቤት በቀዝቃዛው የጨመቀው ፋጉሎ ደግሞ ኢንዛይሙ ስላልሞተ ይብሳል። መቀቀል ያቃጥል የነበረውን ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሥራውን ይጨርሱታልና።

ለላም ነገሩ ይቀላል፤ የከርሷ ተሐዋስያን ብዙውን ይችሉታል። ቢሆንም ከድብልቅ መኖው ከአንድ አሥረኛ ባይበልጥ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ ቢገባ፣ ለእርጉዝ ላምና ለጥጃ ደግሞ ጨርሶ ባይሰጥ እላለሁ። ፋጉሎውን በውኃ አርሶ ማሳደር የተለመደ ነው፤ ለጎመንዘር ግን ይህ ራሱ ሰናፍጩን መቀስቀስ ነው። በደረቁ ይቀላቀል።

እሳቸው ላም የላቸውም። ሊጠናቀቅ ትንሽ የቀረው አንድ ከረጢትና ያልተነካ 50 ኪሎ አላቸው። ልጅቷ «ይጣል» ብላለች። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባላል፤ ገንዘብ የወጣበትን ነገር ግን እሳቸው በቀላሉ አይጥሉም፣ እኔም እንዲጥሉ አልፈለግሁም። ሒሳቡን አብረን ሠራን። ፕሮቲኑ 30 በመቶ ነው ብንል ናይትሮጅኑ 4.8 በመቶ ይሆናል፤ በ50 ኪሎ ውስጥ 2.4 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ 5 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ አፈር ውስጥ ሲረጥብ ያው ሰናፍጭ ይነሣና የአፈር በሽታንና የአረም ዘርን ይመታል።

ጓሯቸው ውስጥ ቲማቲም የሚተክሉበት 100 ካሬ ሜትር አለ። ፋጉሎው ይደቃል፣ ግማሽ ግማሽ ኪሎ በካሬ ሜትር ይበተናል፣ አንድ ስንዝር ያህል ከአፈሩ ጋር ይገለበጣል፣ በደንብ ይጠጣል፣ በፕላስቲክ ይሸፈናል። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቶሎ የተከለ ሰው ችግኙን ያቃጥላል፤ ያ ሰናፍጭ አረሙን ከቲማቲሙ አይለይም። ፕላስቲኩ ከአሥር ቀን በኋላ ይነሣና አፈሩ ይነፍስ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ትንሽ የፌጦ ዘር በእርጥብ አፈሩ ላይ ይበተናል፤ በሦስት በአራት ቀን በደንብ ከበቀለ መሬቱ ለችግኝ ደርሷል፣ ካልበቀለ ሌላ ሳምንት ይጠበቃል።

ዶሮዎቹ ወደ ኑግ ፋጉሎ ተመለሱ። ከአሥራ ምናምን ቀን በኋላ ደውለው እንቁላሉ ደህና መሆኑን ነገሩኝ፤ ፌጦው ግን ገና አልበቀለም።